በጎረቤት ስም መማል

ደሴ ፒያሳ አንድ ሱቅ ገብቼ የጫማ ዋጋ እከራከራለሁ። ባለሱቁ አንገቱ ላይ ማተብ አስሯል። አልቀንስም አለ። ጫን ስለው "ወላሂ፣ ያመጣሁበት ነው የምሰጥህ!" ብሎ ማለ። አጠገቤ ሒጃብ ያደረገች ሴትዮ ቆማለች። ሳቋን መያዝ አቃታት። "ምነው፣ በራስህ ብትምል?" አለችው። እሱም ሳቀ። መቶ ብር ቀነሰልኝ።

እኛ አገር ክርስቲያኑ "ወላሂ" ሲል፣ ሙስሊሙ "በማርያም" ሲል መስማት ብርቅ አይደለም። ከሌላ አገር የመጣ ሰው ሲሰማ "መቻቻል ማለት ይሄ ነው" ብሎ ይደሰታል። ይደሰት። እኔ ግን ዓመታት ሳዳምጥ አንድ ነገር ጠርጥሬአለሁ። ደሴ ላይ ሰው ነገሩ እውነት ሲሆን በገዛ ሃይማኖቱ ይምላል። ነገሩ ትንሽ ሲያነክስ ግን የጎረቤቱን ይዋሳል። የራሱን ማስቀየም ይፈራላ።

ጎረቤት መማያ ብቻ መሰላችሁ? መደበቂያም ነው። በረመዳን ልክ በምሳ ሰዓት ክርስቲያን ወዳጁን "ሰላም ልበልህ" እያለ የሚያዘወትር ሰው አውቃለሁ። በሌላው ወር ሰላምታው ትዝ አይለውም። በሁዳዴ ደግሞ የወተት ማኪያቶ ያማራት እመቤት የሙስሊም ጓደኛዋ ጓዳ ትገኛለች። ጓደኛዋ ነገሩን ታውቃለች። አትናገርም። "ስኳር ልጨምርልሽ?" ብቻ ነው የምትላት። እውነቴን ነው፣ እንዲህ ያለውን ግብዝነት ብዙም አልጠላውም። የሚደበቅ ሰው ቢያንስ ያፍራል።

መደበቅ እዚህ አገር ታሪክም አለው። በ1870 ዓ.ም. ከደሴ ብዙም በማይርቀው ቦሩ ሜዳ አፄ ዮሐንስ ጉባኤ አደረጉ። የወሎ ሙስሊም መኳንንት ክርስትና እንዲነሱ ተወሰነ። ኢማም መሐመድ አሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ። ኋላ ንጉሥ ሚካኤል የሆኑት፣ መቀመጫቸውን ደሴ ያደረጉት እሳቸው ናቸው። ከሕዝቡ ግን ቀን ክርስቲያን፣ ሌሊት ሙስሊም ሆኖ የኖረ ብዙ ነበር። እነዚያን ሰዎች አስመሳይ ብሎ የሚሰድብ ካለ አፉን ይያዝ። ማስመሰሉን ያመጣው ትእዛዙ ነው።

የዛሬው ሰው ግን ማን አዞት ነው? ያኔ ሰው አምልኮውን በጨለማ ይደብቅ ነበር። ዛሬ ጸሎቱን ሳይጨርስ ፎቶውን ፌስቡክ ላይ ይለጥፋል። ባለፈው አንድ ሰውዬ ለአንዲት አሮጊት ዘይት ሲሰጥ አየሁ። ሰጣት፤ ቀራጩ "አልተያዘም" አለ። ዘይቱን መልሶ ተቀበላትና እንደገና ሰጣት። አሮጊቷ ግራ ገብቷት ሁለት ጊዜ መረቀችው። ቪዲዮው ላይ የሚታየው ሁለተኛው ምርቃት ነው።

ንጉሥ ሚካኤል ደሴ ላይ ያሠሩት የግብር አዳራሽ አለ። ስሙ አይጠየፍ ነው። የመጣውን እንግዳ ሁሉ፣ ሙስሊሙንም ክርስቲያኑንም፣ ሳይጠየፍ ስለሚያበላ ነው ይባላል። እንግዳ ሲመጣብን ወስደን እናሳየዋለን። ስሙን ስናብራራ ደረታችን ይነፋል። ማታ ቤት ስንገባ ልጃችን ሊያገባት ስላሰባት ልጅ "ዘሯ ከወዴት ነው?" ብለን እንጠይቃለን። ሰው ሰርግ ላይ "ፍቅር ዘር አይመርጥም" ሲባል አልቅሶ ያጨበጨበ አባት አውቃለሁ። ወር ሳይሞላ የገዛ ልጁን ጉዳይ ለማጣራት ሦስት ወረዳ ስልክ ደወለ።

ሽምግልናውን ተዉት። የወንድ ወገን ሽማግሌ ስለ ልጁ ሲናገር መልአክ የሚያስመርቅ ይመስላል። አንዱን አስታውሳለሁ። "እሱ ጫት የሚባል ነገር በዓይኑ አላየም" አሉ፣ ጉንጫቸውን ከቀኝ ወደ ግራ እያዛወሩ።

ፍቅር ግን መዋሸት አይችልበትም። ከራሴ ልጀምር። በወጣትነቴ የምሠራው ኮምቦልቻ ነበር። የምወዳት ልጅ ደግሞ ደሴ። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ግን የሐረጎን ዳገት እየተጠማዘዙ ከ600 ሜትር በላይ መውጣት ነው። ከታች ላብ፣ ከላይ ብርድ። ለማንም አልነገርኩም። ጥንቃቄዬን ለራሴ አደንቅ ነበር። አንድ ቀን የቡና ባለቤቷ እትዬ "እንዴት ናት ልጅቷ?" አሉኝ። ደነገጥኩ። "የቷ ልጅ?" አልኩ። "አንተ ልጅ፣ በዚህ ሙቀት ጃኬት ተሸክመህ የምትዞረው ለኔ ነው?" አሉኝ።

ለካ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ከዚያ ወዲህ እኔም ማወቅ ጀመርኩ። ኮምቦልቻ ላይ በጠራራ ፀሐይ ጃኬት በክንዱ አንጠልጥሎ "ለአየር ለውጥ ብዬ ነው" የሚል ጎረምሳ ሳይ አልከራከርም። አየሩስ ይለወጣል።

እሷን አገባኋት። አልዋሽም፣ ከተጋባን በኋላ ውሸቱ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። የቀረውን ሐረጎ ይሸፍንልኛል። "ሐረጎ ላይ ነኝ፣ ኔትወርክ የለም" የሚለው ዓረፍተ ነገር የስንቱን ባል ትዳር እንዳቆመ እኛ ነን የምናውቀው።

ባለፈው ሐሙስ ለጉዳይ ኮምቦልቻ ወርጄ ከጓደኞቼ ጋር ቡና ላይ አመሸሁ። መናኸሪያ ስደርስ ረዳቱ "ደሴ! አንድ ሰው የቀረው! አንድ ሰው!" ይላል። ሮጬ ገባሁ። ውስጥ ሞልቷል። ደስ አለኝ። ወዲያው አራቱ "ተሳፋሪዎች" እየሳቁ ወርደው ወደሚቀጥለው ሚኒባስ ሄዱ። ሥራቸው ነው፤ መቀመጫ ማሞቅ። ተናደድኩ። "አታፍርም? ሰው ታታልላለህ!" ብዬ ረዳቱን ጮኽኩበት። "አብሽር ጋሼ፣ አሁን ይሞላል፣ ወላሂ!" አለኝ። ከመስታወቱ በላይ የተለጠፈችው ማርያም ታየኛለች።

ስልኬ ጮኸ። ባለቤቴ ናት።

"የት ደረስክ?"

"ሐረጎን እያጋመስኩ ነው" አልኳት።

ትንሽ ዝም አለች። ከውጭ ረዳቱ "አንድ ሰው የቀረው!" ይላል።

"በል" አለችኝ፣ "ሲነሳ ጃኬትህን ልበስ።"