ካዛንቺስን ማን ፎቶ አነሳው?

ባለፈው ፋሲካ እናቴ ቤት ተሰብስበን ስለ ድሮው ግቢያችን ወሬ ተነሳ። ያደግነው አዲስ አበባ፣ ካዛንቺስ ነው። እናቴ የግቢው በር አረንጓዴ ነበር አለች፣ ታላቅ ወንድሜ ደግሞ ሰማያዊ ነው ብሎ ድርቅ አለ። ፎቶ አይተን እንገላገል ብዬ አልበሙን አወጣሁት። ልደት አለ፣ ምርቃት አለ፣ የጎረቤት ሠርግ አለ፣ ግን ከሃያ ዓመት በላይ የኖርንበትን ግቢ ብሎ ያነሳ አንድም ሰው የለም። በመጨረሻ ኬክ ከምትቆርሰው እህቴ ትከሻ ጀርባ የበሩ ቁራጭ ብቅ ብላ ተገኘች።

አረንጓዴ ነበር።

ሰፈሩ በ2017 ሲነሳ ግቢውም አብሮ ፈርሷል። ከዚያ ቤት የቀረን ማስረጃ እንግዲህ ያቺ ቁራጭ ናት፣ እሷም በአጋጣሚ።

የአዲስ አበባ ፎቶ ጠፍቶ አይደለም። ስልኬን በከፈትኩ ቁጥር ድሮን ያነሳው ከተማ ይመጣልኛል፦ የንግድ ባንክ ሕንፃ ከ200 ሜትር በላይ ቆሞ፣ አዳዲሶቹ ጎዳናዎች ማታ በመብራት ደምቀው፣ አራዳ ላይ የዓድዋ ሙዚየም። ቆንጆ ናቸው፣ ይህን ከልቤ ነው የምለው። የሚያነሷቸው ልጆችም ጎበዞች ናቸው። ግን ከዚያ ከፍታ ላይ ሰው አይታይም። ቆሎ የምትሸጠዋ እናት፣ የሊስትሮው ሳጥን፣ ታክሲ ተራ ላይ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ የሚጣራው ረዳት፣ በባሕር ዛፍ እንጨት መወጣጫ አምስተኛ ፎቅ ላይ ባልዲ የምታቀብለዋ ልጅ፣ ማናቸውም የሉም። ደግሞ ሁልጊዜ የምናነሳው የተመረቀውን ነው። የሚፈርሰውን የምናነሳው ግን ኤክስካቫተሩ ከደረሰ በኋላ ነው፣ ያኔ የሚነሳው ቤት ሳይሆን አቧራ ነው።

ከተማዋ የምትሄድበትን ፍጥነት አስቡት። በ1987ቱ ቆጠራ የአዲስ አበባ ሕዝብ 2.1 ሚሊዮን ገደማ ነበር፣ በ1999 2.7 ሚሊዮን። የተባበሩት መንግሥታት ትንበያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2050 ከ10 ሚሊዮን ታልፋለች ይላል። ይህን ያህል ሰው ሊይዝ የሚዘጋጅ ከተማ ይፈርሳል፣ ይሠራል፣ ይሰፋል። የፒያሳው ዶሮ ማነቂያ ሰፈር በ2016 ሄደ፣ ካዛንቺስ ተከተለ። መፍረስ ነበረበት አልነበረበትም የሚለው ክርክር ትልቅ ነው፣ ዛሬ ግን እሱ ውስጥ አልገባም። ይፍረስም ቢባል፣ ፎቶ ሳይነሳ መፍረስ አልነበረበትም።

ይህ አዲስ ሐሳብ አይደለም። ፓሪስ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አሮጌ ሰፈሮቿን አፍርሳ ሰፋፊ ጎዳናዎች ስትዘረጋ፣ ከተማዋ ራሷ ሻርል ማርቪል የሚባል ፎቶ አንሺ ቀጥራ ሊፈርሱ የተቃረቡትን መንገዶች አስነስታለች። ከ400 በላይ ፎቶ! ግላስጎውም እ.ኤ.አ. በ1868 ቶማስ አናንን ለተመሳሳይ ሥራ ቀጥራለች። ከተማ አፍራሾቹ ራሳቸው ናቸው እንግዲህ ፎቶ አንሺ የቀጠሩት። ዛሬ ያ ጠባብ መንገድ ምን ይመስል ነበር ብሎ የሚጠይቅ ሰው መልስ ያገኛል።

እኛም ፎቶ ብርቃችን አይደለም። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን በአፄ ምኒልክ ዘመን የቤተ መንግሥቱ ፎቶ አንሺ ነበር፣ ሥራውን ልጆቹ ቀጠሉበት። ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምም የድሮ ፎቶዎች አሉት። ንጉሡን፣ መኳንንቱን፣ ቤተ መንግሥቱን በደንብ አንስተናል። የጋራ ውኃ ቧንቧውን፣ ጉልቱን፣ የቀበሌ ቤት ማድቤቱን ነው ያላነሳነው።

የምጠይቀው ቀላል ነገር ነው። አንድ ሰፈር ከመፍረሱ በፊት ባለሙያ ገብቶ ቤት ይለካል፣ ይመዘግባል። በዚያው ቀን ፎቶ አንሺም ይግባ። በሩን፣ ግቢውን፣ መንገዱን ከዚህ ጫፍ እስከዚያ ጫፍ ያንሳ፣ ፈቃደኛ ከሆኑ ነዋሪዎቹንም። የቤቱ ቁጥርና ቀኑ ይጻፍበትና ቤተ መዛግብት ይግባ። ለዚህ የሚሆን ጎበዝ ወጣት በየሰፈሩ ሞልቷል።

ወጣቱን ግን መንገድ ላይ አናባረው። እኔ ራሴ ካሜራ አንግቼ ስንት ጊዜ «ወንድም፣ እዚህ ማንሳት ክልክል ነው» እንደተባልኩ ቁጥሩን እኔም ረስቼዋለሁ። አንዴ ያነሳሁት የሚፈርስ ዳቦ ቤት ነበር። ማን ከለከለ ስል መልስ የለም። ስልክ የያዘው ሁሉ ሲያነሳ ዝም ተብሎ ካሜራ የያዘው ሲከለከል፣ ከተማው በደንብ የሚያነሳለትን ሰው እያጣ ነው።

የነዋሪው ቁጣ ግን ሌላ ነው። «ድህነታችንን ልትሸጥ ነው?» ያለችኝ ሴት አለች፣ ልክ ናት። ብዙ ሰው መጥቶ፣ አንስቶ፣ ሄዷል። ሳይጠይቁ ማንሳት ነውር ነው። ጠይቁ፣ አሳዩ፣ አሳትማችሁ መልሱ። አንድ ፎቶ ማሳተም ከአንድ ማኪያቶ ብዙ አይበልጥም።

ስልክ ብቻ ያላችሁም አንሱ። እባካችሁ ቀንና ቦታ ጻፉበት። በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ተራ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት፣ አለዚያ ጥራቱም ይወርዳል፣ የተነሳበት ቀንም ከውስጡ ይጠፋል።

እኔ አሁን እሑድ እሑድ ጠዋት አንድ ሰፈር እየመረጥኩ እሄዳለሁ። ባለፈው መርካቶ ከጎጃም በረንዳ ጀርባ ነበርኩ። አንዲት እናት ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ቡና ይለቅማሉ። በሩን ላንሳው ወይ አልኳቸው። ለምን አሉኝ። ስለ እኛ በርና ስለ እህቴ ትከሻ ነገርኳቸው። ትንሽ ዝም አሉና ሰፌዱን አስቀምጠው ተነሱ።

«ቆይ የኔ ልጅ፣ መጀመሪያ ልወልውለው።»