ውሃው ሽቅብ በምን ወጣ?

ኧረ ጀመዓ! ይሄን ወደፊት የምትመጣዋን ደሴ የሚያሳየውን ዲስቶፒያ (የከፋ መጪ ዘመን የሚሥል ልብ ወለድ) ያነበበ የለም? ለደራሲው የመጀመሪያው ነው፤ ሀሳቡም ግሩም ነው። ከተማው ተጠምቷል፣ ውሃ በካርድ ይታደላል፣ ካርዱ ያለው አገዛዙ እጅ ነው። ፈረቃ ጠብቆ በሌሊት ቧንቧ ለሚከፍት አንባቢ ከዚህ የሚቀርብ ምን አለ? ብቻ ሰውየው ሒሳቡን አልሠራውም።

አገዛዙ ውሃውን ከኮምቦልቻ በአንድ ፓምፕ፣ በአንድ ቧንቧ ደሴ ያደርሰዋል ይለናል። በሞቴ! ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር ግድም ናት፣ ደሴ ወደ 2,500። ልዩነቱ 600 ሜትር ያልፋል። ውሃ በየ10 ሜትሩ ከፍታ 1 ባር ያህል ግፊት ስለሚጨምር፣ ታች ያለው ቧንቧ 60 ባር መቻል አለበት። የተለመደው የከተማ ፕላስቲክ ቧንቧ የሚችለው 10 ወይም 16 ባር ነው፤ ፓምፑ ገና ሲነሳ መገጣጠሚያው ይበረገዳል። ስለዚህ ዳገቱ በደረጃ ይከፈላል፦ ማጠራቀሚያ፣ ፓምፕ፣ ደግሞ ማጠራቀሚያ፣ ደግሞ ፓምፕ። መብራቱስ? ምዕራፍ 2 ላይ ከጠፋ ዓመታት አልፈዋል ተብለናል። 1 ሜትር ኪዩብ ውሃ ይሄን ዳገት ለማውጣት፣ ብክነቱ ሲታሰብ፣ 2.5 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይበላል። በናፍጣ ነው እንበል፤ ናፍጣውን ማን ያመጣል?

የሚያበግነኝ፣ ምርጡ ታሪክ ያመለጠው እዚሁ ላይ መሆኑ ነው። ዳገቱ ላይ አምስት የፓምፕ ጣቢያ ካለ አምስት ቁልፍ ያዥ አለ፤ ጉቦ አለ፣ ዘመድ አለ፣ አኩርፎ ቫልቭ የሚዘጋ አለ። በሁለቱ ከተሞች መሃል ሐረጎ ዳገት ላይ የተቀመጠው የፓምፕ ኦፕሬተር ከፕሬዚዳንቱ በላይ ይፈራ ነበር። እኛ የደረሰን ግን ድሮን፣ ድሮን፣ ድሮን።

ራሽኑም ጉድ ነው። አምስት ሰው ላለው ቤተሰብ በሳምንት አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን፦ ለአንድ ሰው በቀን 0.6 ሊትር እንኳ አይሞላም። ለመጠጥ ብቻ 2 ሊትር ግድም ያስፈልጋል። ልጅቷ ግን ምዕራፍ 9 ላይ ፀጉሯን ትታጠባለች! የ10 ዓመት ወንድሟ ሁለት ሙሉ ጀሪካን አንጠልጥሎ ከቦርከና ወንዝ ወደ ጦሳ ተራራ ግርጌ ይሮጣል። 40 ኪሎ! አህያም አይሮጥ።

የመጀመሪያዎቹ 40 ገጾች የአዋጅ ታሪክ ናቸው። ጎረቤት ለጎረቤት «እንደምታውቂው ካርዱ የተጀመረው...» ትላለች። ካወቀች ምን ይነገራታል? ቀበሌው ግድግዳ ላይ የተለጠፈች፣ ማህተሟ የደበዘዘ ማስታወቂያ በሦስት መስመር ትጨርሰው ነበር።

ደግሞ ያን ሁሉ ገጽ ወሎ ውስጥ ስንዞር አንድ ረከቦት የለም። ውሃ ከየት ይምጣ ትሉኝ ይሆናል። እኮ! አቦሉ ተጠጥቶ ቶናና በረካው ሲቀር፣ ዱዓው በአንድ ስኒ ሲያልቅ፣ ወሎዬ በሩን ዘግቶ ጎረቤት ሳይጠራ ቡና ሲያፈላ፤ ከዚህ የባሰ ምን ዘመን ይጻፋል?

ምዕራፍ 6ን ግን አልነካም። ወረፋ የተደረደሩት ጀሪካኖች በእጀታቸው ላይ በታሰረ የጨርቅ ቁራጭ ይለያሉ፤ ዘበኛው ሌሊት ተነስቶ ጨርቆቹን አንድ በአንድ ይፈታቸዋል። ጠዋት ሴቶቹ ማን የማንን እንደያዘ ጠፍቷቸው እርስ በርስ ይፋጃሉ። ይሄን የጻፈ መጻፍ ይችላል። ለሁለተኛው እትም የፓምፑን ምዕራፍ ለአንድ ኦፕሬተር ያስነብበው፣ የቡናውን ነገር ደግሞ እናቱን ይጠይቅ።