ያልቻለና ያልፈለገ

ኮዬ ፈጬ ውኃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። በእኛ ብሎክ ደግሞ ውኃ በመጣ ቁጥር የሦስተኛ ፎቅ ጣሪያ ያንጠባጥባል። የአራተኛውን ፎቅ ቧንቧ አንድ ባለሙያ ሁለቴ ጠግኖታል። ሁለቴም ተከፍሎታል። እሁድ ጠዋት ጀበና ቡናው ጋ የተነሣው ክርክር በእሱ ላይ ነበር።

«ሰውየው ብቃት የለውም፤ አለቀ!» አለች ጸጉር ቤት ያላት ጎረቤታችን። የሚያንጠባጥበው እሷ ቤት ነው።

ሜትር ታክሲ የሚነዳው ሳቀ። «ምን ብቃት የለውም ትያለሽ? ጮሌ ነው እንጂ! ዛሬ አስተካክሎ ቢሠራው ነገ ማን ይጠራዋል?»

«ሲኦሲ፣ የብቃት ማረጋገጫ ወረቀት፣ አለኝ ብሎኝ ነበር እኮ» አለ ሌላው።

«ወረቀቱማ ማን ጋ የለም!»

የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ የሚሠራው ልጅ ግን መገጣጠሚያውን ፈትቶ አይቶታል። «ቴፍሎኑን፣ ውኃ እንዳያሾልክ ጥርሱ ላይ የሚጠቀለለውን ጥብጣብ፣ በተቃራኒ ነው የጠቀለለው። መገጣጠሚያው ሲጠብቅ ይፈታል» አለን። አላመንነውም መሰለው፣ እስክሪብቶ ላይ ሶፍት ጠቅልሎ በጣቶቹ መሀል ወደ ቀኝ አዞረው። ሶፍቱ ተላቆ ወደቀ።

በሠራተኛ አስተዳደር ጡረታ የወጡት ጋሼ ይህን ሲያዩ ገቡበት። «አያችሁ፣ አለመቻልና ማጥፋት ይለያያል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011ም ለይቷቸዋል። ያጠፋው ያለ ማስጠንቀቂያ የሚባረረው በአንቀጽ 27 ነው። ሥራው ያቃተው ግን በ28 ነው፤ ማስጠንቀቂያ ይሰጠዋል። ሥልጠና ተሰጥቶትም አልገባ ያለው እዚያው ነው የሚመደበው። እስከ 60 የሥራ ቀን የሙከራ ጊዜ የተፈቀደውስ ለምን ይመስላችኋል?»

«ጋሼ፣ ሕጉማ ጥሩ ነው» አለ ባለ ታክሲው። «መሥሪያ ቤት ግን ገንዘብ ሲጎድል የአቅም ክፍተት ነው። ፋይል ሲጠፋም የአቅም ክፍተት ነው። ከዚያ ቢሾፍቱ ሆቴል ገብተው የአቅም ግንባታ ሥልጠና ይወስዳሉ። ከነአበላቸው!»

ጋሼም ሳይቀሩ ሳቁ።

ጸጉር ሠሪዋ አልሳቀችም። «ጋሼ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ያልቻለውም ያጭበረበረውም አልጋዬ ላይ የሚያንጠባጥበው ያው ውኃ ነው።»

«ልክ ነሽ ልጄ። ግን ያልቻለውን ታስተምሪዋለሽ፣ ወይ ትለውጪዋለሽ። አጭበርባሪን ብታስተምሪው ግን ይብስበታል።»

እኔ በአብዛኛው ከጋሼ ጋር ነኝ። የባለ ታክሲው ነገርም ግን አይጣልም። ፋይልን ዱካው እስኪጠፋ የሚሰውር ሰው አቅም አላነሰውም፤ ሥልጠና ማስገባት ማሾፍ ነው። የቧንቧው ሰው ጉዳይ ሌላ ነው። ተንኮል ያሰበ ሰው፣ ማንም ፈትቶ የሚያየውን ቴፍሎን አዙሮ አይጠቀልልም። ደግሞ ይኸው ሰው የመብራት ሠራተኛ ነው። ቤቴ የሠራው ሶኬት እስከ ዛሬ ንቅንቅ አላለም። ለቧንቧ የተጠራው ቅርብ ስለሆነና ዋጋው ስለሚቀል ነው። እንግዲህ «ብቃት የለውም» ከተባለ፣ ለምኑ የሚለው አብሮ ይባል። ለቧንቧ የለውም፤ በዚህ እስማማለሁ። ሁለት ጊዜ የተቀበለው ብር ግን ባለመቻሉ አይታለፍም። የሱቁ ልጅ ሲሠራ ሰውየው ቆሞ ይይ፣ የልጁንም ሒሳብ እሱ ይክፈል።