አዋጅ ያልነካው ፈረሰኛ

ሁለተኛ ዲግሪዬን በሥርዓተ ጾታ ጥናት ልማር መሆኑን ለዘመድ ያወራሁ ዕለት ከሁሉም በላይ ደስ ያላት አክስቴ ናት። «ሥርዓት» የሚለውን ሰምታ የቀረው አምልጧታል። «እሰይ! ሥርዓት ብትማሪማ ማን ይጠላል» ብላ መረቀችኝና እናቴን «ዩኒቨርሲቲውም የጎደላትን አውቆላታል» በሚል ዓይን አየቻት። አጎቴ ግን ከነጾታው ሰምቶታል። «ሴትነትን ለመማር ዩኒቨርሲቲ ምን ያስኬዳል? እናትሽ ማጀት ቁጭ አድርጋ በነፃ ታስተምርሽ የለም ወይ?» አለኝ። ሲያበሳጨኝ ከረመ። የሚያበሳጨኝ ደግሞ ልክ መሆኑ ነው፤ የተማርኩት እዚያው ማጀት ነው።

መማሪያዬ ዶሮ ነው። ዶሮ 12 ብልት አለው፤ ይህን አስተካክላ ማውጣት ያልቻለች ልጅ ባል አታገኝም እየተባልን በፍርሃት ያደግን ነን። እያንዳንዱ ብልት ባለቤት አለው። በእኛ ቤት ፈረሰኛው የአባቴ ነው፣ እግሩ የወንድሜ፣ ታፋው የእንግዳ። እኔ እንደ ዕድሌ ነኝ። እናቴ ደግሞ አንገት ትወዳለች። ሃያ ምናምን ዓመት ሙሉ እናቴ አንገት ትወዳለች ብዬ አምኜ ኖርኩ። በመጀመሪያው ሴሚስተር መምህራችን በቤተሰብ ውስጥ ስላለው የሀብት ክፍፍል ስታስረዳ ነው ድንገት ብዕሬን ያስቀመጥኩት። ጤነኛ ሰው፣ መምረጥ እየቻለ፣ እንዴት አንገት ይወዳል? ክፍለ ጊዜው እስኪያልቅ ስለ አንገት ሳስብ ቆየሁ።

ከዚያ ወዲያ ሕግ ማንበብ ያዝኩ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ የበላይ አድርጎ ሚስት እንድትታዘዘው ያዝ ነበር። ባልየው የቤት አገልጋይ ለመቅጠር አቅም ካነሰው ደግሞ የቤቱን ሥራ ሚስት ራሷ እንድትሠራ ይደነግጋል። ረቂቁን ያዘጋጁት ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ናቸው፤ አንቀጹን ሳነብ ግን የሚሰማኝ የአጎቴ ድምፅ ነው። ከዚያ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ሴቶች በጋብቻ ከወንዶች እኩል ናቸው አለ። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ የባልን አለቅነት ሻረ፤ ለሴት 15 ዓመት የነበረውን የጋብቻ ዕድሜም ለሁለቱም 18 አደረገው። ባልና ሚስት ቤታቸውን በእኩልነት ይመራሉ ተባለ። እልል አልኩ። ነገር ግን አዋጁን ከዳር እስከ ዳር ባገላብጠው ስለ ፈረሰኛው አንድም ቃል አጣሁ። (የ2011ዱ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅም ለወላድ 120 ቀን ፈቃድ ሲሰጥ ለአባት 3 ቀን ብቻ ሰጥቶታል። ገንፎውን በልቶ ለመመለስ ይበቃዋል።)

ባለፈው የፋሲካ ዋዜማ አባቴ ለቅርጫ ወጣ፤ ወንድሜም ሊያግዘው ተከተለው። እናቴ ሽንኩርቱን ጥዳ ዶሮውን የሚባርክ ወንድ አጣች። «በይ በር ላይ ቁሚና ወንድ ፈልጊ» ብላ በአንድ እጄ ዶሮ፣ በሌላው ቢላዋ አስያዘችኝ። የመመረቂያ ጽሑፌ የሴቶች የውሳኔ ሰጪነት ሚና ላይ መሆኑን አንባቢ ልብ ይበልልኝ። «ለምን እኔው አልባርከውም?» ብል «ሴት ያረደችው ይበላል እንዴ!» አለች። ገበያ ወርደን የገዛነው እኛ፣ ላባውን የምንነጨው እኛ፣ በሎሚና በጨው አሥር ጊዜ የምናጥበው እኛ፤ ለአንዲት ደቂቃ ሥራ ወንድ ልንለምን።

መንገዱ ጭር ብሏል። ከማዶ ጎረቤታችን፣ ጡረታ የወጡ ርእሰ መምህርት፣ እሳቸውም ዶሮና ቢላዋ ይዘው በራቸው ላይ ቆመዋል። ስንት ሺህ ወንድ ሲያስተምሩ የኖሩ ሴት ናቸው። በአንገት ሰላምታ ተሰጣጣን። ብዙ ቆይቶ አንድ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ኳሱን በብብቱ ሸጉጦ ብቅ ሲል ሁለታችንም በአንድ አፍ ጠራነው። እግሬ ፈጣን ነውና ቀደምኳቸው።

ልጁ ቢላዋውን ተቀብሎ ቀና ብሎ አየኝና «እንዴት ነው የሚደረገው?» አለኝ። ክንፉን እንዴት እንደሚረግጥ፣ አንገቱን እንዴት እንደሚይዝ አሳየሁት። ዓይኑን ጨፈነ። እጁ እንደ ቅጠል ይርገፈገፋል። በእጄ ደግፌ «በስመ አብ በል» አልኩት፤ አለ። የቀረውን የምናውቀው እኔና ሟቹ ነን። እናቴ ከውስጥ «ማን ባረከው?» ስትል «ወንድ» አልኳት። ልጁ ደረቱን ነፍቶ ወደ ርእሰ መምህርቷ ተሻገረ፤ አሁን ባለሙያ ሆኗል።

ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ማዕድ ቀረበ። እናቴ በጭልፋዋ ድስቱን ፈትሻ ፈረሰኛውን አወጣችና ወደ አባቴ ስታዞር «ቆይ!» አልኩ። አንቀጽ 35ን ጠቀስኩ፤ አዋጁንም በቁጥሩ ጠራሁ። አባቴ ደግ ሰው ነው፤ እስከዛሬ የጠየቀው ስለሌለ እንጂ እምቢ አይልም። «እውነቷን ነው፤ ዛሬስ አንቺ ብዪው» ብሎ ወደ እናቴ ገፋው።

እናቴ ደንግጣ አማተበች። «ምን አጠፋሁ?»

«ምንም። ብዪ።»

«ሰው ቢሰማ ምን ይለኛል! በሞቴ፣ ብላ።»

«እኔ ልሙት፣ ብዪ።»

«አፈር ስሆን!»

ፈረሰኛው በእንጀራው ላይ ሦስት ጊዜ ተመላለሰ። እኔ ስለ ታሪካዊ ኢፍትሐዊነት አንድ ሁለት ነጥብ ማብራራት ጀመርኩ። ጾም ልትፈታ እኛ ዘንድ ያደረችው አክስቴ እጇን ከማዕዱ ሰብስባ «ሥርዓት ያሉሽ ይህን ነው?» አለች።

ወደ እንጀራው ስንመለስ ፈረሰኛው የለም። ወንድሜ ጣቱን እየላሰ ነው።

«እንዳይቀዘቅዝ ብዬ ነው» አለ።

እናቴ እፎይ ብላ አንገቱን አነሣች።