የምክር ቢሮው የት ነው ያለው?

ስለ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የአእምሮ ጤና የወጣ አንድ ጽሑፍ አንብቤ ይህን አስተያየት ጻፍኩ። ጸሐፊው ዩኒቨርሲቲዎቻችን የተማሪዎችን የአእምሮ ጤና ለመጠበቅ ተጨማሪ አማካሪዎችን መቅጠር እንዳለባቸው ያቀረቡትን ሐሳብ እጋራለሁ፤ ይሁን እንጂ የአማካሪ ቁጥር መጨመር ብቻውን ችግሩን የሚፈታ አይመስለኝም። እኔ በተማርኩበት ግቢ የምክር ቢሮው የዲሲፕሊን ጉዳዮች ከሚታዩበት ክፍል ጎን ስለነበር፣ በሩ ላይ ወረፋ ይዞ የታየ ተማሪ ወይ ጥፋተኛ ወይ «የነካው» እየተባለ ይታማ ነበር፤ በዚህም ምክንያት እርዳታ የሚሻው ሁሉ በዚያ በኩል ማለፍን እንኳ ይሸሽ ነበር።

የችግሩን ምልክት ቀድመው የሚያዩት የዶርም ጓደኞችና ፕሮክተሮች (የዶርም ተቆጣጣሪዎች) ናቸው። ከአልጋው መነሳት ያቃተውን፣ ካፌ መውረድ የተወውን፣ ጫት ያበዛውን ለይተው ያውቁታል፤ ወዴት እንደሚወስዱት ግን የሚነግራቸው የለም። የፍሬሽማን ተማሪዎች በጋራ በሚወስዱት የሥነ ልቦና ኮርስ ውስጥ ጓደኛን እንዴት ማዳመጥ፣ መቼስ ወደ ክሊኒክ ማድረስ እንደሚገባ ቢካተት፣ ብዙ ወጪ ሳይጠይቅ (ይህን የምለው ለበጀት ኃላፊዎች ነው) ትልቅ ክፍተት ይሞላል። ቤተሰብም የታመመ ልጁን ጠበል ቢወስደው የታዘዘለትን መድኃኒት እስካላስቆመው ድረስ የሚነቀፍበት ምክንያት አይታየኝም።

ጽሑፉ ያላነሳው አንድ ወገን አለ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለተመራቂ ተማሪዎች በሚሰጠው የመውጫ ፈተና የማለፊያ ነጥብ ያላገኙ ተማሪዎች ዳግም እስኪፈተኑ ድረስ የሚቆዩት ከግቢ ውጭ፣ አብዛኛውን ጊዜም ብዙ ተስፋ በጣለባቸው ቤተሰብ መካከል ነው። የምክር አገልግሎቱ ቢያንስ በስልክ እነርሱ ጋ እንዲደርስ ማድረግ የዩኒቨርሲቲዎቹ ኃላፊነት ሊሆን ይገባል።