ከጾታው ይልቅ ሊብሬውን እዩት
ስለ መኪና ኢንሹራንስ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ «ሴት አሽከርካሪ ሁሌም አረቦን (የኢንሹራንስ ክፍያ) ይቀንስላታል» ይላል፤ ይህ አባባል ለአውሮፓ ኅብረት ጊዜው አልፎበታል። የኅብረቱ ፍርድ ቤት በማርች 2011 በሰጠው ውሳኔ፣ ከዲሴምበር 21 ቀን 2012 ወዲህ በሚገባ አዲስ ውል በጾታ ዋጋ መለየት ቀርቷል። ካሊፎርኒያም ከ2019 ጀምሮ ከልክላለች።

እኛ ጎንደር ዋናው ነገር የመኪናው ዓይነት፣ ግምቱ (ለኢንሹራንሱ የሚነገረው ዋጋ) እና ሥራው ነው። ሰው የሚከስረው ግምቱ ላይ ነው፦ አረቦን ለመቆጠብ 1 ሚሊዮን ብር የምታወጣ ቪትዝ በ500 ሺህ ያስገባል። አዘዞ መንገድ ላይ ተጋጭታ ጥገናው 100 ሺህ ቢመጣ፣ መኪናዋ የገባችው በግማሽ ዋጋዋ ስለሆነ የሚሰላለትም ግማሹ፣ 50 ሺህ ነው፤ ከዚያም ላይ የራሱ ድርሻ (ባለመኪናው ከኪሱ የሚሸፍነው) ይቀነሳል። ቅጹ ላይ «የግል» ብሎ ሞልቶ በክፍያ ሰው የሚጭነውማ (ስንቱ አለ!) ጭራሽ ካሳውን ሊያጣ ይችላል።