የአቮካዶው ከሰል ከቤተ ሙከራ ወጥቶ ፋብሪካ በር ላይ ይፈተን

የጨርቅ ማቅለሚያ የሚሠራው እንዳይለቅ ተብሎ ነው። ፀሐይ እንዳያደበዝዘው፣ ሳሙና እንዳያነሳው፣ ላብ እንዳይበላው ታስቦ ይቀመማል። ገበያ ላይ የምንወድለት ይህ ጠባዩ ወንዝ ሲገባ መዘዝ ይሆናል። ከጨርቁ በቀላሉ የማይለቅ ቀለም ከውሃውም በቀላሉ አይለቅም። ከአቮካዶ ዘር የሚሠራ ከሰል ይህን ቀለም ከፋብሪካ ፍሳሽ ሊያነሳ ይችላል ወይ የሚለው ነው ጉዳዬ።

ጥጥ በብዛት የሚቀለመው ሪአክቲቭ በሚባሉ ማቅለሚያዎች ነው። ከእነዚህ ውስጥ እንደ ቀለሙ ዓይነትና እንደ አሠራሩ ከአንድ አሥረኛ እስከ ግማሽ የሚጠጋው ከጨርቁ ጋር ሳይያያዝ ከእጥበቱ ውሃ ጋር ይወጣል። ብቻውንም አይወጣም፤ ጨውና ሶዳ ይከተሉታል። በባክቴሪያ የሚሠሩት የማጣሪያ ገንዳዎች ሌላውን ቆሻሻ በደንብ ሲቀንሱ ቀለሙን ግን በአብዛኛው ያሳልፉታል። ወንዝ የደረሰ ቀለም ብርሃን ይጋርዳል፤ ብርሃን ያጡ የውሃ ዕፅዋት ኦክስጅን መስጠታቸውን ይቀንሳሉ። አዞ (azo) በሚል የኬሚካል ስም ከሚጠሩት ማቅለሚያዎች አንዳንዶቹ ደግሞ ኦክስጅን በሌለበት ሲፈራርሱ ካንሰር ሊያመጡ የሚችሉ ውህዶችን ይወልዳሉ።

ይህን ሁሉ የማነሳው የወሎዋን የፋብሪካ ከተማ ኮምቦልቻን እያሰብኩ ነው። የቦርከና ወንዝ ከደሴ አካባቢ ወርዶ ኮምቦልቻን ያልፋል፤ ከዚያ ወደ ከሚሴና ወደ ጨፋ ረግረግ ይዘልቃል፤ መጨረሻው አዋሽ ነው። በመንገዱ አትክልት ይጠጣል፣ ከብት ይጠጣል። በጋ ሲጠና ከአፋር በኩል የሚመጡ አርብቶ አደሮችም መንጋቸውን ወደ ጨፋ ያወርዳሉ። በበጋ ደግሞ ወንዙ ይሳሳል፤ ክረምት ላይ በጎርፍ ተበርዞ የሚሰወረው ፍሳሽ ያኔ ሳይበረዝ ይደርሳቸዋል። ጨርቃ ጨርቅ፣ ቆዳ፣ ቢራና ብረታ ብረት በአንድ ሸለቆ የተሰበሰቡባት ከተማ ይህን ጉዳይ ለነገ ልታሳድረው አትችልም።

መድኃኒቱ ከሚጣለው ነገር ሊሠራ እንደሚችል ከታወቀ ቆይቷል። ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ማታ ላይ ከአንድ ጭማቂ ቤት ጓሮ ያለውን ማዳበሪያ ፈትታችሁ እዩ፤ የአቮካዶ ዘር፣ የማንጎ ፍሬ ከነቅርፊቱ፣ የሙዝና የብርቱካን ልጣጭ ታገኛላችሁ። ዘሩ ታጥቦ፣ ደርቆና ተፈጭቶ በፎስፎሪክ አሲድ ይነከራል። ከዚያ አየር በማይገባበት ምድጃ ከ400 እስከ 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይከስላል፤ በመጨረሻም አሲዱ እስኪለቀው ይታጠባል። የሚገኘው ጥቁር ዱቄት አክቲቬትድ ካርቦን ይባላል። ለእሳት ከምንገዛው ከሰል የሚለየው በቀዳዳው ብዛት ነው፤ ለዓይን የማይታዩት ቀዳዳዎቹ ቢዘረጉ ጥሩ ሆኖ የተሠራ አንድ ግራም ብቻውን እስከ 1000 ካሬ ሜትር ስፋት ይኖረዋል። ማቅለሚያው የሚለጠፈው በዚህ ገጽ ላይ ነው።

በዩኒቨርሲቲዎቻችን በዚህ ርዕስ የተሠራ የመመረቂያ ጽሑፍ ሞልቷል፤ እኔን የሚቆጨኝ ከዚያ በኋላ ያለው ዝምታ ነው። አብዛኛው ሙከራ የሚካሄደው በተጣራ ውሃ ውስጥ በተበጠበጠ ሜቲሊን ብሉ በሚባል ሰማያዊ ማቅለሚያ ነው። ሜቲሊን ብሉ በውሃ ውስጥ አዎንታዊ የኤሌክትሪክ ሙል ይይዛል፤ የጥጥ ፋብሪካው ሪአክቲቭ ማቅለሚያ ግን አሉታዊ ነው። የመጀመሪያውን ጥርግ አድርጎ የሚያነሳ ካርቦን ሁለተኛውን ላያነሳ ይችላል፤ በተለይ ፍሳሹ አልካሊ፣ ማለትም የአሲድ ተቃራኒ፣ ሆኖ ሲመጣ። እውነተኛው ፍሳሽ ደግሞ ስታርች፣ ሳሙናና የብዙ ቀለም ቅይጥ አለበት። ስለዚህ ከ90 በመቶ በላይ አነሳ የሚለው የቤተ ሙከራ ውጤት ለፋብሪካው ገና ምንም አልነገረውም።

መጠኑንም እናስላ። ለማሳያ ያህል አንድ ፋብሪካ በቀን 500 ሜትር ኩብ ፍሳሽ ያወጣል፣ በእያንዳንዱ ሜትር ኩብ 100 ግራም ማቅለሚያ አለ፣ አንድ ግራም ካርቦን ደግሞ 100 ሚሊግራም ይይዛል እንበል። በቀን 500 ኪሎ ካርቦን ያስፈልጋል። ዘሩ ግማሹ ውሃ ቢሆን፣ ከደረቁም ሲሦው ብቻ ካርቦን ቢሆን፣ ይህ ማለት በየቀኑ 30 ኩንታል እርጥብ ዘር ነው። የሁለቱን ከተሞች ጭማቂ ቤቶች ማዳበሪያ ሁሉ ብንሰበስብ ይህን በየቀኑ ማግኘታችንን እጠራጠራለሁ። ፍሳሹ መጀመሪያ በተለመደው ማጣሪያ አልፎ ቀለሙ በሜትር ኩብ ወደ 20 ግራም ከወረደ ግን የሚያስፈልገው ወደ 6 ኩንታል ይጠጋል። ይህ የሚቻል ነገር ነው። የአቮካዶ ወቅት ሲያልፍ የማንጎ ፍሬና የቡና ገለባ ሊተኩት ይችላሉ።

ስለዚህ አቋሜ ግልጽ ነው፤ ይህ ከሰል የማጣሪያው የመጨረሻ ደረጃ ይሁን እንጂ ማጣሪያ ላለመገንባት ሰበብ አይሁን። «የአካባቢ ቁሳቁስ» የሚለው ቃል ሲነሳ ብዙ ጊዜ ርካሽ ምትክ እየተባለ ነው የሚቀርበው፤ እዚህ እንዲያ መሆን የለበትም። ቀለም የጠገበው ካርቦንም እንዲሁ ከተጣለ ብክለቱን ከወንዝ ወደ መሬት አዛወርነው ማለት ነው፤ በሙቀት ታድሶ እንደገና መሥራት ወይም በአግባቡ መቃጠል አለበት። ማምረቻው የሚያወጣው የአሲድ እጣቢም አሲድነቱ ሳይወገድ ቦይ ውስጥ መግባት የለበትም።

ለዚህ ሥራ ኮምቦልቻ ከማንም የተሻለች ናት። የወሎ ዩኒቨርሲቲ የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት፣ ፋብሪካዎቹና ወንዙ በአንድ ከተማ ውስጥ ናቸው። ሕጉም አለ፤ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 የበከለ ሰው እንዲያጸዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ እንዲሸፍን ማስገደድን ይፈቅዳል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ አካባቢን መብት አድርጎታል። ማዘጋጃ ቤቱ የጭማቂ ቤቶችን ዘር ከሌላው ቆሻሻ ለይቶ ያሰባስብ፤ ኢንስቲትዩቱ ካርቦኑን ያምርት፤ ፈቃደኛ የሆነ አንድ ፋብሪካ ከማጣሪያው መውጫ ላይ ካርቦን የተሞላ በርሜል ያስተክል። ከጥር እስከ ግንቦት፣ ወንዙ በሳሳበት ወቅት፣ በእውነተኛው ፍሳሽ ይሞከር። የገባውና የወጣው ውሃ በየሳምንቱ ተለክቶ ውጤቱ፣ ቢያምርም ባያምርም፣ በአማርኛና በኦሮምኛ ተጽፎ ይለጠፍ፤ አንዱ ቅጂ በፋብሪካው በር ላይ፣ ሌላው ከታች በቦርከና ውሃ አትክልት በሚያለሙት ገበሬዎች ቀበሌ ጽሕፈት ቤት።